ያልተሰበረውን ፍሩ

ስለ ጋራዥ በር ሞላ ለቤት ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ይሄን ብረት እጅ በእጅ ተቀባበሉልኝ። አትፍሩት፤ ሥራውን ጨርሷል። ከአንድ የጋራዥ በር ላይ ያወረድኩት ሞላ ነው፣ ግማሹ። እናንተ ጋ ሲደርስ ሽቦው የተሰበረበትን ጫፍ እዩት። አልተሳበም፣ አልቀጠነም፤ ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። ዳር ላይ ከቀረው ብረት ጠቆር ያለች፣ የጥፍር ጫፍ የማታክል ነጥብ አለች። እሷን ፈልጉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሞላ ሲሰበር የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳም። ጥይት የተተኮሰ መስሏቸው ዱላ ይዘው ወደ ጋራዡ የሮጡ ሰዎች አውቃለሁ። ይደርሳሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ ምንም የለም። በሩ እንደተዘጋ ነው፣ መኪናው በቦታው ነው። ተመልሰው ይተኛሉ። ጠዋት የበሩን ሞተር ማብሪያ ሲጫኑት ሞተሩ ያጓራል፣ በሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይልና ቀጥ ይላል። ያኔ ቀና ብለው ሲያዩ ከበሩ በላይ ያለው ጥቅል ሽቦ ለሁለት ተከፍሎ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል።

መጀመሪያ የሚታማው ሞተሩ ነው። ስልክ ከሚደውሉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ «ሞተሩ ደከመ መሰለኝ» ነው የሚሉት። ሞተሩ ምን ያድርግ? በሩን ተሸክሞት አያውቅም። ወደ ላይ የሚነሳው የጋራዥ በር የተፈለሰፈው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያው ሰው፣ ሲ. ጂ. ጆንሰን፣ የኤሌክትሪክ መክፈቻውን የጨመረበት ከ5 ዓመት በኋላ በ1926 ነው። ሞተር በኋላ የመጣ እንግዳ ነው ማለት ነው። የተሠራውም ሚዛኑ የተስተካከለን በር ለመግፋትና ለመሳብ ነው። የበሩን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አንድ መኪና የሚያስገባ የብረት በር 60 ወይም 70 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ሁለት መኪና የሚያስገባው በቀላሉ ከ100 ያልፋል፤ ከእንጨት ከተሠራ ደግሞ ከዚያም በላይ። ያንን ሁሉ በአንድ እጃችሁ ስታነሱት የኖራችሁት ሞላው አብሯችሁ ስለሚያነሳ ነው። ሞላው ሲሰበር በሩ እውነተኛ ክብደቱን ያሳያችኋል።

ሞላዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የራሳችሁ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ዛሬ የምለው ሁሉ ሊገለበጥባችሁ ስለሚችል እዚህ ላይ ቆም ልበል። በጋራዡ ውስጥ ቆማችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ተዘጋው በር አዙራችሁ ቀና በሉ። ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ አግድም የተዘረጋ ወፍራም ሻፍት ካለና ሞላው በሻፍቱ ላይ ከተጠለቀ፣ የሚጠመዘዘው ዓይነት ነው። ሞላዎቹ በግራና በቀኝ፣ ከጣሪያው ሥር በሩ ከሚንሸራተትበት ሀዲድ ጎን ተዘርግተው ካሉ ደግሞ የሚለጠጠው ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በሩ ሲዘጋ ይጠመዘዛል፤ ሁለተኛው በሩ ሲዘጋ ይለጠጣል። ሁለቱም በሩ ሲዘጋ ጉልበት ያጠራቅማሉ፣ ሲከፈት ይሰጣሉ።

አንድ የምወዳት ነገር አለች፤ ለሥራው ባትጠቅምም ልንገራችሁ። ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተገላብጧል። የሚጠመዘዘውን ሞላ ሽቦውን ብቻ ነጥላችሁ ብትመለከቱ የሚደርስበት መታጠፍ ነው፤ የሚለጠጠው ሞላ ሽቦ ግን የሚደርስበት መጠምዘዝ ነው። ማን እንደዚህ ብሎ እንደሰየማቸው እንጃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። በሩ 70 ኪሎ ነው፣ በአንድ የሚጠመዘዝ ሞላ ነው የሚንቀሳቀሰው እንበል። በሻፍቱ ጫፍና ጫፍ የሽቦ ገመዱ የሚጠቀለልባቸው ከበሮዎች አሉ፤ ከመሃላቸው እስከ ጠርዛቸው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 70 በ5 ሲባዛ 350። ሞላውን የምታጠብቁበት ዘንግ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 350 ለ45 ሲካፈል ወደ 8 ይሆናል። ይኸውላችሁ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ እጃችሁ የሚሰማው 8 ኪሎ ብቻ ነው። 8 ኪሎ ማንም ይይዛል።

ችግሩ እሱ ነው። እጅ 8 ኪሎ ሲሰማው «ይሄማ ምን አላት» ይላል፤ ሞላው ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ሞላው እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰው ሰባት ዙር ተኩል ገደማ ከተጠመዘዘ በኋላ ነው፤ የእያንዳንዱ ዙር ድካም እዚያው ተቀምጧል፣ የትም አልሄደም። አስልታችሁ ስትደምሩት ወደ 800 ጁል ይሆናል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅባችሁ የሚያርፍባችሁ ጉልበት ማለት ነው። ያ ሁሉ ታጭቆ የተቀመጠው ክንድ በሚያክል ጥቅል ሽቦ ውስጥ ነው፤ ዘንጉ ከእጃችሁ ካመለጠ የሚወጣው ዓይን እስኪርገበገብ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የተሰበረው ሞላ ግን ያንን ጉልበት በዚያች የጥይት ድምፅ ጨርሶታል። ለዚህ ነው አሁን እጅ በእጅ የምትቀባበሉት። በሩ ሁለት ሞላ ካለው አጠገቡ ሳይሰበር የቀረው ሁለተኛው ሞላ፣ ነገ የምትገጥሙትም አዲሱ ሞላ፣ እነሱን ነው መፍራት።

እኔ ይሄን ያወቅሁት ከሒሳብ አይደለም። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ ለአንድ ሰው ሞላ ስቀይር ከሁለቱ መጠምዘዣ ዘንጎች አንዱን መኪና ውስጥ ረስቼው ገባሁ። ከመሰላል መውረድ ታከተኝ። ኪሴ ውስጥ ትልቅ ካቻቢቴ ነበረኝ፤ ዘንጉ በሚሰካበት የሞላው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ገባ፤ አጠበቅሁ። አሥር ሩብ ዙር፣ አሥራ አምስት፣ ደህና ነው። የካቻቢቴ ዘንግ ግን ከቀዳዳው ቀጭን ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ሲወዛወዝ ይሰማኝ ነበር፣ ዝም አልኩት። ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ላይ ተንሸራቶ ወጣ። ምን እንደሆነ አላየሁም። የሰማሁት አንድ ፉጨት ነው፤ ከዚያ ኮርኒሱ ላይ ድው የሚል። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ኮርኒሱ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት፤ ጆሮዬ ከነበረበት አንድ ክንድ እልፍ ብሎ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ከውስጥ «ልጄ፣ ምን ወደቀ?» አሉኝ። «ምንም አልወደቀም፣ እማማ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ የወደቀ ነገር አልነበረም፣ የወጣ እንጂ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እስከ ዛሬ የላላ ሞላ እንኳ ስነካ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ።

እንግዲህ ያቺን ጥቁር ነጥብ ያገኛችኋት ይመስለኛል። ሞላ የሚሰበረው በእርጅና ነው ማለት ይቻላል፤ እርጅናው ግን በዓመት አይቆጠርም፣ በመታጠፍ ነው የሚቆጠረው። ሽቦው ላይ ዝገት የበላው ትንሽ ጉድጓድ ወይም ጭረት ይኖራል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከዚያች ቦታ ስንጥቅ ትጀምራለች፤ በየቀኑ ትንሽ፣ በዓይን የማይታይ ትንሽ ትገፋለች። ጥቁሯ ነጥብ ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ ሲገፋ የቆየባት ናት፤ ንጹሑና የሚያበራው ክፍል በዚያች ሌሊት አንድ ጊዜ የተሰበረው ነው። ተራ የጋራዥ ሞላ የሚሠራው ለ10,000 ጊዜ መከፈትና መዘጋት ነው። በቀን 4 ጊዜ የምትወጡና የምትገቡ ከሆነ በዓመት 1,460 ይሆናል፤ 7 ዓመት አይሞላም። ጋራዡን የቤቱ ዋና መግቢያ ያደረገ ቤተሰብ በቀን 8 ጊዜ ይከፍተዋል፤ ከ4 ዓመት በታች ነው የሚያገለግለው። «ጥራት የሌለው ሸጡብኝ» ብላችሁ ከመናደዳችሁ በፊት ቁጠሩ። ዝገቱን ግን መከላከል ይቻላል፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በዘይት የራሰ ጨርቅ በጥቅልሎቹ ላይ ማሳለፍ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሞላው የተሰበረ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ማብሪያውን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ሞተሩ እየታገለ ማርሹን ይበላል፤ ያኔ አንድ ዕቃ የነበረው ብልሽት ሁለት ይሆናል። በሩ ተዘግቶ ሳለ ከተሰበረ እድለኞች ናችሁ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ እንደተዘጋ ተዉት። በሩ ተከፍቶ ሳለ ከተሰበረ ግን ከሥሩ ማንም እንዳያልፍ፤ ልጅ፣ ውሻ፣ መኪና፣ ማንም። ከሞተሩ ሀዲድ ላይ የምትንጠለጠለዋን ቀይ ገመድ ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳትስቧት። ያቺ ገመድ በሩን ከሞተሩ የምታላቅቅ ናት፤ ሞላ የሌለውን ክፍት በር በዚያች ሰዓት አንጠልጥሎ የያዘው ሞተሩ ብቻ ነው። ብትስቧት 70 ኪሎው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በዚህ የተጎዳ እግር አይቻለሁና አደራ።

መኪናው ውስጥ ቀርቶ መውጣት የግድ ከሆነስ? በሩ በተዘጋበት ሶኬቱን ነቅላችሁ ቀይዋን ገመድ ሳቡ፤ ከዚያ ሦስት ጎልማሶች ሆናችሁ ከታችኛው ጠርዝ አንሱት፤ ጣታችሁ በበሩ ሳንቃዎች መገጣጠሚያ መካከል እንዳይገባ። ላይ ሲደርስ ከታችኛዎቹ ጎማዎች ሥር ሀዲዱን በግራም በቀኝም ነክሶ በሚቆለፍ ፒንሳ አስሩት። መኪናውን አውጡ፣ በሩን በዚያው ሦስት ሰው አውርዱት። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ቀን ታክሲ መሳፈር ይሻላል።

ቀጥሎ ዕቃ መግዛት ነው፤ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «የጋራዥ በር ሞላ ስጠኝ» ብሎ መግዛት፣ ቁጥሩን ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው። አራት ነገር ያስፈልጋል፤ የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ የውስጥ ስፋት፣ ሳይጠመዘዝ ያለው ርዝመት፣ የተጠቀለለበት አቅጣጫ። የሽቦውን ውፍረት በአንድ ጥቅል ላይ ለመለካት አትሞክሩ፤ ትሳሳታላችሁ። ከተሰበረው ሞላ ላይ 20 ጥቅልል ቆጥራችሁ፣ ተጠጋግተው እንዳሉ፣ በሜትሮ ለኩና ለ20 አካፍሉት። 114 ሚሊ ሜትር ከመጣ ሽቦው 5.7 ነው፤ 127 ከመጣ 6.35። ልዩነቱ በአንድ ሽቦ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በዓይን አትለዩትም። የሞላ ጥንካሬ ግን ከሽቦው ውፍረት ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ስፋቱና የጥቅልሎቹ ቁጥር አንድ ሆኖ 5.7 የነበረው በ6.35 ቢተካ ሞላው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይጠነክራል። በሩ እጅ ሲነካው ወደ ላይ ይወረወራል ማለት ነው። በሃያ ጥቅልል ላይ ግን ያ ልዩነት 13 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታያችኋል፤ ለዚህ ነው ሃያ የምንቆጥረው።

አቅጣጫውን ለማወቅ የሽቦውን መጨረሻ እዩ። ሞላዎቹን ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ከሚይዘው የመሃል ማሰሪያ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ሞላዎች እርስ በርስ የተገላበጡ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ከገጠማችሁት ስታጠብቁ ይፈታል። ጫፉ ላይ ያለው ኮን፣ መጠምዘዣ ዘንጉ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ብረት፣ በቀይ ወይም በጥቁር ቀለም ተለይቶ ሊመጣ ይችላል፤ እኔ ግን ቀለሙን አላምንም፣ ሽቦውን ነው የማየው።

ለሁለት ሞላ በር አንዱ ብቻ ቢሰበርስ ብላ አንዲት እህት ቅድም ስትገባ ጠይቃኛለች። ሁለቱንም ቀይሩ። አብረው ተገጥመዋል፣ አብረው ተቆጥሮባቸዋል፤ አንዱ 10,000ውን ከጨረሰ ሌላው በጠርዙ ላይ ነው ያለው። አዲስና አሮጌ ስታጣምሩ ደግሞ አሮጌው ደክሞ ስለሆነ ሚዛኑን በትክክል ማስተካከል ያስቸግራል።

ከሁለቱ ዓይነት ሞላዎች በቤት ውስጥ ለመሥራት የሚቀለው የሚለጠጠው ነው፤ ይሄን ዓይነት በር ያላችሁ ሰዎች ጥንቁቅ ከሆናችሁ ራሳችሁ ብትሠሩት አልቃወምም። ምስጢሩ በሩን መክፈት ነው። በሩ ክፍት ሲሆን ይሄ ሞላ ላልቶ ነው የሚንጠለጠለው። በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በሁለቱም ሀዲድ ላይ ከጎማው ሥር ፒንሳ ቆልፋችሁ፣ እንዳያዳልጥ ከበሩ ጠርዝ ሥር ጠንካራ መሰላል አቁማችሁ ከዚያ ሞላውን ከማንጠልጠያው ማውለቅ ነው። የሚገርመኝ ሰው ሞላውን ይቀይርና ሞላው ውስጥ የሚያልፈውን መያዣ የሽቦ ገመድ ይረሳዋል። ያ ገመድ ምንም አያነሳም፤ ሥራው ሞላው በተሰበረ ቀን ቁርጥራጩ እንደ ጅራፍ ተፈናጥሮ የመኪናችሁን መስታወት ወይም ሰው እንዳይመታ መያዝ ብቻ ነው። ከሌላችሁ ግዙና አስገቡ፤ ሞላው ገና አዲስ ቢሆንም። የበሩ የሽቦ ገመድ የሚዞርባቸውን ፑሊዎችም በጣታችሁ አወዛውዟቸው፤ ከተንገዳገዱ ኩሽኔታቸው አልቋል፣ አብራችሁ ለውጡ። በግራና በቀኝ እኩል አስተካክሉ፣ አለቀ።

የሚጠመዘዘው ተቃራኒው ነው። እሱን የምትሠሩት በሩ ተዘግቶ ነው፤ ምክንያቱም ስትፈቱት በሩ መሬት ላይ ስለሚያርፍ የሚወድቅ ነገር የለም። ሞላው ግን በዚያን ሰዓት ጥምዝዙ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ቀይዋን ገመድ ስባችሁ ሞተሩን አላቅቁ፤ ከዚያ በሩን በሀዲዱ ላይ፣ ከአንድ ጎማ በላይ፣ በፒንሳ እሰሩት፤ አለዚያ አዲሱን ሞላ ስታጠብቁ በሩ ሳታስቡት ይነሳባችኋል።

አስተያየቴን ልስጥና ከዚያ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። በትክክለኛ ልክ የተሠሩ ሁለት መጠምዘዣ ዘንጎች ከሌሏችሁ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ መሰላላችሁ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም ልባችሁ አንድ ነገር ከጠረጠረ፣ ለባለሙያ ተዉት። ይሄን የምለው ገበያ ፈልጌ አይደለም፤ የሚለጠጠውን ሥሩ ያልኳችሁ እኔው ነኝ። ዘንጉ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር። ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ መወዛወዝ የለበትም። ካቻቢቴ አይሆንም፣ የግንባታ ፌሮ አይሆንም፣ የቁልፍ እጀታ አይሆንም።

አንድ የማደርጋት ነገር አለች። ገና ምንም ሳይጠመዘዝ ዘንጉን እስከ ቀዳዳው መጨረሻ ድረስ አስገባውና ከኮኑ ጠርዝ ጋር ልክ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ፕላስተር እጠቀልልበታለሁ። በኋላ እየሠራሁ፣ በፕላስተሩና በኮኑ መካከል ብረት ከታየኝ ዘንጉ አልገባም ማለት ነው። እጅ ሊዋሽ ይችላል፣ ፕላስተሩ አይዋሽም። ዘንግ ከመሰካቴ በፊት ደግሞ ኮኑን በባትሪ አየዋለሁ፤ የተሰነጠቀ ኮን ካያችሁ በዘንግ አትንኩት፣ ውረዱና ስልክ ደውሉ።

ሳይሰበር የቀረውን ሞላ ስትፈቱ የምትቆሙት ከጎን ነው፤ ፊታችሁም ደረታችሁም ዘንጉ በሚሽከረከርበት መስመር ላይ እንዳይሆን። መነጽር አድርጉ፣ የሚንጠለጠል ልብስና ሻሽ አውልቁ። ፊታችሁን ወደ በሩ አዙራችሁ ስትቆሙ፣ ሞላ የሚጠብቀው ዘንጉን ወደ ላይ በመግፋት ነው፤ ስለዚህ ስትፈቱት ሞላው ዘንጉን ወደ ታች መጣል ይፈልጋል። አንደኛውን ዘንግ ሰክታችሁ ትንሽ ወደ ላይ ገፋ አድርጉት፤ ክብደቱ እጃችሁ ላይ ማረፉን ስታረጋግጡ ብቻ ኮኑን ከሻፍቱ ጋር የሚያጠብቁትን ብሎኖች አላሉ። ብሎኑ የላላበት ቅጽበት ሞላው ሙሉ በሙሉ የእናንተ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አይነሳም፣ ለማንም ዞር ብሎ መልስ አይሰጥም። ሩብ ዙር ታወርዳላችሁ፣ ሁለተኛውን ዘንግ በሚቀጥለው ቀዳዳ ትሰካላችሁ፣ እሱ ሲይዝ የመጀመሪያውን ትነቅላላችሁ። አንድም ጊዜ ሁለቱም ዘንግ ከቀዳዳ ውጭ መሆን የለበትም።

ማውለቁንና አዲሱን ማስገባቱን አላበዛባችሁም። ሁለቱም ሞላ ከላላ በኋላ ከመሃል ማሰሪያው ብሎንና ዳዶውን ፈትታችሁ፣ ከበሮዎቹን አላልታችሁ፣ ሞላዎቹን በሻፍቱ ጫፍ ማሳለፍ ነው። ተራ የመፍቻ ሥራ ነው። በበሩ ታችኛ ጥግ ላይ የሽቦ ገመዱ የታሰረበትን ብረት ግን ሞላው ተጠምዝዞ ሳለ አትንኩት፤ ብሎኖቹን በቀይ የሚቀቡት በከንቱ አይደለም። አዲሱ ከገባ በኋላ ገመዶቹ በከበሮዎቹ ላይ እኩል ተወጥረው መያዛቸውን ተመልከቱ፤ በጣት ስትመቱት ግራውና ቀኙ ተመሳሳይ ድምፅ ይስጣችሁ። ሻፍቱ እንዳይዞር አንድ የሚቆለፍ ፒንሳ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንዲቀር አድርጋችሁ እሰሩበት።

ከማጥበቃችሁ በፊት በሞላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ስታጠብቁት መስመሩ ሞላውን እንደ ገመድ እየዞረ ይጠመጥመዋል፤ የጥምዝምዙ ቁጥር የዙራችሁ ቁጥር ነው። ስንተኛው ላይ እንደነበራችሁ ቢጠፋባችሁ መስመሩን ቆጥሮ መመለስ ይቻላል። ስንት ዙር ነው ለምትሉ፣ ከበሮው ዙሪያው ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 2 ሜትር ከ10 የሆነ በር 210 ለ32 ሲካፈል ስድስት ተኩል ያህል ዙር ይፈልጋል፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም ገመዱ እንዳይላላ አንድ ዙር ገደማ ይጨመርበታል። ሰባት ተኩል፤ ማለትም 30 ሩብ ዙር። ሞላው አብሮት የመጣ ወረቀት ካለ ግን ወረቀቱን ስሙ፣ እኔን አትስሙ።

ሞላው እየተጠመዘዘ ሲሄድ ይረዝማል፤ ብዙ ሰው ይሄን አይጠብቅም። በአንድ ዙር አንድ የሽቦ ውፍረት ያህል ይጨምራል፤ በ5.7 ሽቦ ሰባት ተኩል ዙር ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ኮኑ በሻፍቱ ላይ ወደ ውጭ ሲንሸራተት አትደንግጡ። ሲጨርስ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ኮኑን ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨማሪ ወደ ውጭ ሳብ አድርጋችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ ሻፍቱን ከነኩ በኋላ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከጨመራችሁ ሻፍቱ ይሰረጎዳል።

ከዚያ ፒንሳዎቹን ፈትታችሁ፣ ሞተሩ ገና ሳይገጠም፣ በሩን በእጃችሁ ወደ ወገባችሁ ከፍ አድርጉትና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። የኔ ደስታ እዚህ ላይ ነው። 70 ኪሎ ብረት በአየር ላይ፣ ማንም ሳይይዘው፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ከወረደ ሩብ ዙር ጨምሩ፤ ወደ ላይ ከሸሸ ሩብ ዙር ቀንሱ። በሁለቱም ሞላ ላይ እኩል። ሩብ ዙር በጨመራችሁና በቀነሳችሁ ቁጥር በሩ ተዘግቶ፣ በፒንሳ ታስሮ፣ ሁለት ዘንግ ይዛችሁ ነው፤ «ትንሽ ናት» ብሎ ማሳጠር የለም።

ሞተሩን መልሳችሁ ስታገናኙት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ መሬት ላይ በሰፊው ጎኑ አስተኝታችሁ በሩን በሞተር ዝጉበት። ጣውላውን እንደነካ ተመልሶ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ካልተመለሰ የሞተሩ የግፊት መጠን ለአሮጌው ሞላ እንደተስተካከለ ቀርቷል፤ በሞተሩ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ዝቅ አድርጉና ድገሙት።

የመጨረሻው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከመሃል ማሰሪያው አጠገብ ግድግዳው ላይ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ፣ ሞላው የተገጠመበትን ቀን፣ የሽቦውን ውፍረት፣ ስንት ሩብ ዙር እንደተጠመዘዘ ጻፉ። ከዓመታት በኋላ መሰላል ላይ የሚወጣው ሰው፣ እናንተም ሆናችሁ እኔ፣ ሃያ ጥቅልል ከመቁጠር ይድናል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍቱ የምታውቁ ደግሞ 10,000ው መቼ እንደሚሞላ ከዚያው አስልታችሁ ከሥሩ ጨምሩ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ ሞላው ማን ጋ ደረሰ?